የማኅበሩ አራት ጎማዎች

የተቃጠለ ዘይት ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ሌላው ሰው በጋራዥ በር ሲያልፍ ምንም አይመስለውም፤ እኔ አፍንጫዬን ይዤ መንገድ እሻገራለሁ። በደርግ ዘመን ሦስት ዓመት ሙሉ ዊንጌት አካባቢ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ የመኪና ሆድ ስመለከት ኖሬአለሁ። የተሽከርካሪ መርማሪ ነበርኩ። መኪና ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውንና ጎማውን አያለሁ። ደህና ከሆነ እፈርማለሁ፤ ባለመኪናው በኔ ፊርማ ቦሎውን ተቀብሎ መስተዋቱ ላይ ይለጥፍና ይሄዳል። ደህና ካልሆነ አልፈርምም። ሥራው በወረቀት ላይ ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ቀድሞ ምርመራው የሚካሄደው መሃል ከተማ ነበር። ኋላ አገልግሎቱን ወደ ሰፊው ሕዝብ ማቅረብ ያስፈልጋል ተባለና ጉለሌ ውስጥ አንድ የተወረሰ የቆዳ መጋዘን ተሰጠን። ባለቤቱ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ የቆዳው ሽታ ግን አልሄደም። ግድግዳው ራሱ ይገማ ነበር። በሩ ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል ተብሎ ቀለም ስለጠፋ፣ በምትኩ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። ባለመኪናው እኛን ፍለጋ ሠፈሩን ሦስቴ ዞሮ፣ ጨርቁን ሲያይ የቀበሌ ስብሰባ ይመስለውና አንገቱን ደፍቶ ፈጥኖ ያልፋል። የማይፈልጉን ሰዎች ግን ያለችግር ያገኙን ነበር። በዚያ ዘመን ሰልፍ ካለ የሚከፋፈል ነገር አለ ማለት ነውና፣ እናቶች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከታክሲዎቹ ኋላ ይሰለፋሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ ሁለት ሰዓት ቆመው ጉድጓዱ አፍ ላይ ደረሱና ቁልቁል እያዩኝ፣ «ልጄ፣ ስኳሩ ከታች ነው እንዴ?» አሉኝ። ስኳር የለም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልትሰጡን ነው ያሰለፋችሁን?» ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ትክክል ነበሩ።

አለቃችን ከመኪና ጋር የተዋወቀው በሹመት ነው። ይህን ሰውዬ አንቱ ለማለት ያኔም ዛሬም አፌ እንቢ ይለኛል። ካኪውን ለብሶ፣ በክብሪት እንጨት ጆሮውን እየጎረጎረ ይመጣል። የጎረጎረበትን እንጨት ያያል፣ ያሸታል፣ መልሶ ክብሪቱ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ የመኪናውን ጎማ በጫማው ጫፍ ሁለቴ ረግጦ፣ «ይሄ ጠንካራ ነው» ይላል። የተነፋ ጎማ ሁሉ ጠንካራ ነው። ወደ ጉድጓዱ ግን አንድም ቀን አልወረደም፤ ካኪው ይቆሽሽበታላ። ሲጋራ ልንለኩስ ስንል ያንኑ ክብሪት በቸርነት ያቀብለን ነበር፤ ሲጋራ ያቆምኩት በሱ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ። ያን ጊዜ ጎማ አይገኝም ነበር። በማኅበራት በኩል በኮታ ይመጣል ይባላል፤ ሰው ይመዘገባል፤ የተመዘገበበት ደብተር ያልቃል፤ አዲስ ደብተር ይከፈትና እንደገና ይመዘገባል። ታክሲዎቹ፣ እነዚያ ሰማያዊና ነጭ ትንንሽ ሰይቼንቶዎች፣ ጥርሱ አልቆ ሸራው በወጣ ጎማ የእንጦጦን ግርጌ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በዚያ ጎማ ግን ቦሎ አይሰጥም። ቦሎ የሌለው ደግሞ የቤንዚን ኩፖን አያገኝም። ኩፖን የሌለው ታክሲ በር ላይ ቆሞ ዶሮ የሚሰፍርበት ቆርቆሮ ነው።

አባቴ ባለታክሲ ነበሩ። ቀጨኔ ውስጥ እሳቸው ጊቢ፣ ከጓሮ ባለችው አንድ ክፍል እኔ እኖር ነበር። ከሳቸው ጋር ሲቆጠሩ አሥራ አንድ የሠፈር ባለታክሲዎች የመድኃኔዓለም የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በሃያ ሰባት በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ የማኅበሩ መሪ፣ እነሱ እንደሚሉት ሙሴያቸው፣ አባቴ ነበሩ። አንድ ወር ላይ ከማኅበርተኞቹ አንዱ በአሰብ መንገድ ከሚመላለስ ከባድ መኪና ሾፌር አራት አዲስ የሰይቼንቶ ጎማዎች ማግኘቱን አበሠረ። ዕጣ ይውጣ ተባለ። አንዱ ሲደርሰው አሥሩ ቦሎ ሊያጡ ነው ተባለ። ሲጨቃጨቁ ቆይተው በመጨረሻ፣ ጸሎቱን ባሳረጉበት አፋቸው፣ አንድ መላ አመጡ። ጎማዎቹ የማኅበሩ ይሁኑ፤ ከነቸርኬያቸው ይቀመጡ፤ የምርመራ ቀኑ የደረሰ ሰው ይገጥማቸዋል፣ ቦሎውን ይወስዳል፣ ወዲያው ፈትቶ ይመልሳል። እንዳያልቁም ማንም አይሠራባቸውም።

አባቴ ብቻቸውን ተቃወሙ። «ጎማ የሚገዛው ሊሄዱበት ነው ወይስ ሊያሳዩት?» አሉ። የሰማቸው የለም። ሙሴው እሳቸው ናቸውና ጎማዎቹን እንዲያስቀምጡ አደራው እሳቸው ላይ ወደቀ። አደራ ከሆነ ሌላ ነገር የለም፤ ተቀበሉ። አራቱ ጎማዎች ሳሎናችን ጥግ ተደርድረው እናቴ ነጭ ልብስ አለበሰቻቸው፤ ላያቸው ላይም ሬዲዮናችንን አስቀመጠች። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ይመስለው ነበር። የአዲስ ጎማ ሽታ ግን ልብስ አይሸፍነውም። የወጡ ሽታ፣ የሳሙናው ሽታ፣ የእናቴ የራስ ቅባት ሳይቀር ጎማ ጎማ አለኝ።

ማኅበርተኞቹ አንድ ነገር ደግሞ አደረጉ። ጎሚስታው ዘንድ ይለወጥብን ይሆናል ብለው ፈሩና በጋለ ብረት በየጎማው ላይ ሁለት ጣት የምታህል መስቀል ተኮሱበት። መርማሪ እንዳያያት በሚል ብልሃት የተኮሷት በውጭው ሳይሆን በውስጠኛው ጎን ነው። መርማሪው ግን የሚቆመው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከመኪናው ሥር ሆኖ ቀና ሲል የሚያየው የጎማውን ውስጠኛ ጎን ነው። ዕድሜ ልካቸውን መኪና የነዱ አሥራ አንድ ሰዎች ይህን አላሰቡም፤ ወይም እኔ መሆኔን አስበው ግድ አልሰጣቸውም።

እናም አየኋት። በመጀመሪያው ሳምንት ክርስትና ያነሡኝ ሰውዬ መኪና ላይ አየኋት፤ ፈረምኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን መኪና ላይ አየኋት፤ ፈረምኩ። ያቺ መስቀል በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ አናቴ ላይ ቆማለች፤ ሃያ ጊዜ ፈርሜአለሁ። ቅጹ የሚለው «የጎማ ሁኔታ» ነው፤ ጎማው ደህና ነው፤ ስለዚህ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ባልፈርም የአሥር ቤት ምድጃ ይጠፋል እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሆኖም እጄን በሳሙና ስታጠብ የሚለቀው ዘይቱ ብቻ ነበር፣ ሌላው አይለቅም። ራሴን መጸየፍ የጀመርኩት ያኔ ነው።

በነዚያ ታክሲዎችም አልሳፈርም። በየጠዋቱ ከቀጨኔ እስከ ዊንጌት በእግሬ እሄዳለሁ። ማኅበርተኞቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ቆመው፣ «ግባ እንጂ የኛ ልጅ! ካንተ ሒሳብ ማን ይቀበላል?» ይሉኛል። «ለጤናዬ ነው፣ ሐኪም አዞኝ ነው» እላለሁ። ሐኪም ያላዘዘኝን። እውነቱ ፍርሃት ነው። በተማርኩበት የቴክኒክ ትምህርት ቤት የተላጨ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ምን እንደሚሠራ ሥዕሉን አሳይተውናል። አባቴ ግን ባየኝ ቁጥር፣ «ጥሩ ልማድ ነው፣ እኔ እንዳንተ ወጣት ሳለሁ መራመድ ነበረብኝ» ይሉ ነበር።

በሁለቱ ዓመታት አባቴ በራሳቸው ጎማ አለፉ፤ ጥርስ ነበረው። በሦስተኛው ዓመት ግን አለቀ። የጎማ ኮታው ደብተር ላይ ከተመዘገቡ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። የምርመራ ቀናቸው ሲደርስ ሳሎን ያሉትን ጎማዎች ሳይነኩ በተላጨው ጎማቸው መጡና ሰልፍ ያዙ። መኪናዋ ታጥባለች፣ መብራቷ ይበራል፣ ፍሬኗ ልክ ነው፤ ፍሬቻዋ ሳይቀር ይሠራል። ጎማዋ ግን እንደ እጄ መዳፍ ለስልሷል። ከጉድጓዱ ቀና ስል አለቃችን ክብሪቱን ይዞ ከላይ ቆሟል።

«ምን አየህ ጓድ?» አለኝ።

«ጎማው አልቋል።»

«እና?»

አባቴን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። «ያየኸውን ጻፍ ልጄ» አሉ። ጻፍኩ። ወድቋል። አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ «ልክ ነህ» ብለው መኪናቸውን ይዘው ወጡ።

በዚያ ሳምንት የውይይት ክበብ ላይ አለቃችን ተነሣና፣ የገዛ አባቱን ሳይቀር የጣለ ቆራጥ ጓድ በመካከላችን አለ ብሎ እኔን አስነሣኝ። ተጨበጨበልኝ። የመስቀሏን ሃያ ፊርማ በኪሴ ይዤ፣ አንዱን እውነተኛ ሰው ስለጣልኩ ተጨበጨበልኝ። ወጥቼ ከመጋዘኑ ጀርባ እጄን ደግሜ በሳሙና ታጠብኩ።

ከዚያ መኪናዋ በራችን ላይ ቆመች። አባቴ ጠዋት ጠዋት እንደ ልማዳቸው ለብሰው ይወጣሉ፣ መስተዋቷን ይወለውላሉ፣ ገብተው መሪዋን ይዘው ይቀመጣሉ፣ ረፋድ ላይ ወርደው ይገባሉ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ቦሎ ያልወሰደ ታክሲ የሥራ ፈቃዱ ይሰረዛል የሚል ማስታወቂያ ደግሞ ወጣ። የተሰረዘ ፈቃድ ተመልሶ አይሰጥም። አባቴ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከመሪ ሌላ የሚያውቁት ሥራ የለም። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ራት ላይ አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ የማኅበሩን ጎማ ይግጠሙ» አልኳቸው።

«አልነካውም።»

«ሌሎቹ ሁሉ እኮ በሱ ነው ያለፉት።»

«ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁ? መች አጣሁት።»

«ታዲያ እርስዎ ከነሱ በምን ይለያሉ?»

«እነሱ የሚያታልሉት መርማሪ ነው። እኔ የማታልለው ልጄን ነው።» እንጀራቸውን ወደ ጎን ገፉት። «ደሞ ነገሩ ማታለሉ ብቻ አይደለም። በዚህ በተላጨው ጎማዬ ሰው ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ እፈራለሁ። ቦሎ ቢኖረኝም እፈራለሁ። አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም?»

እናቴ ከመቀመጫዋ ሆና አየችኝ። ምን እንድል እንደምትፈልግ ዐውቃለሁ። እኔም የምፈልገው ያንኑ ነበር፤ አባቴ እንደገና ከመሪያቸው ጋር እንዲሆኑና የዚያ የጭብጨባ ነገር ከላዬ እንዲወርድ።

«አያሰጋም» አልኩ። «ቀስ ብለው ከነዱ ምንም አይሆንም። እኛ የምንጥለው ደንብ ስለሆነ ነው።»

«ምንም አይሆንም?»

«ምንም አይሆንም አባባ። እኔ እኮ የተማርኩት ይህንኑ ነው።»

የገፉትን እንጀራ መልሰው ወደ ራሳቸው ሳቡት። «እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉ በመጨረሻ። እናቴ ተነሥታ ሬዲዮኑን መሬት አወረደችና ነጩን ልብስ ከጎማዎቹ ላይ ገፈፈችው።

በማግሥቱ መጡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰልፉ እስከ ዋናው መንገድ ወጥቷል፤ ዘንቢል የያዙትም እንደ ወትሮው አሉበት። ተራቸው ደርሶ መኪናዋ አናቴ ላይ ስትቆም ቀና አልኩ። መስቀሏን አየኋት። ሃያ አንደኛ ጊዜዋ ነው። ከላይ አለቃችን ጎማውን ሁለቴ ረገጠና «ጠንካራ ነው» አለ። አባቴ ባርኔጣቸውን አላወለቁም፤ ጉድጓዱንም አላዩም፤ አሻግረው ግድግዳውን ነበር የሚያዩት። ፈረምኩ። ቦሎውን ከመስኮቱ ተቀብለው ራሳቸው መስተዋታቸው ላይ ለጠፉት።

ከበሩ ወጣ ብሎ፣ በግንቡ ሥር፣ አንድ ሌላ ማኅበርተኛ የአባቴን አሮጌ ጎማዎችና ክሪኩን ይዞ ይጠብቃል፤ እሱም ቀኑ ያለቀበት ነው። አራቱን ጎማዎች በሩብ ሰዓት አለዋወጡ። አባቴ የራሳቸውን የተላጩትን መልሰው ገጠሙ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቁ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች አቧራው ላይ መውደቅ ጀመሩ። የሥራ ሰዓት አብቅቶ እኔም ከበሩ ስወጣ አዩኝና ፊታቸው በራ። መኪናቸው ከወደቀች ወዲህ ፈገግ ሲሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሞተሩን አስነሡና ጎንበስ ብለው የኔን በር ከፈቱልኝ። «ና፣ ግባ። ዝናቡ ሳይመጣ ቤት እንግባ።»

ቆምኩ። ከዊንጌት ወዲያ ያለው መንገድ፣ የቀጨኔ ቁልቁለት፣ እርጥቡ አስፋልት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ።

«ይሂዱ አባባ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ለጤናዬ ነው።»

እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። መጀመሪያ ፊቴን አዩ። ከዚያ እግሬን፤ ከበሩ ሁለት እርምጃ ሸሽቼ ነበር የቆምኩት። ከዚያ አንገታቸውን አውጥተው የፊተኛውን ጎማ ተመለከቱት። ቀጥሎ መስተዋቱ ላይ ያለውን አዲሱን ቦሎ። በዚህ መሃል የጥበብ ልብስ በእቅፋቸው የያዙ ሁለት ሴቶች ዝናቡን እየሸሹ በሩጫ መጡና፣ «ሽሮ ሜዳ ነው?» እያሉ አንደኛዋ እቃዋን ወደ ኋላ ወንበር አስገባች።

አባቴ ሞተሩን አጠፉ። ወርደው የሴትየዋን ጥቅል በሁለት እጃቸው አወጡና መለሱላት። «ይቅርታ የኔ እመቤት፤ ይቺ መኪና አትሠራም።»

«ቦሎዋ አዲስ አይደል እንዴ?» አለች ሴትየዋ መስተዋቱን እያየች።

«እሱስ አዲስ ነው» አሉ።

በሮቹን ቆለፉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ታች ጎተት አድርገው ወደኔ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። ድምፃቸው ግን ዝግ ያለ ነው።

«ና፣ እንሂድ» አሉኝ። «በእግራችን። ለጤናችን።»

ዝናቡ ወረደ። በመንገዱ ሁሉ የማኅበሩ ታክሲዎች እየቆሙ መስኮት ዝቅ አድርገው፣ «ሙሴ! ምን ሆናችሁ? ግቡ እንጂ!» አሉን። አባቴ በየጊዜው ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው እያመሰገኑ፣ «ለጤናችን ነው፣ ልጄ አዞኝ ነው» አሉ። እስከ ቤት ድረስ ወደኔ አንዴም ዞር አላሉም።